ሾናጎን ወይስ ሙራሳኪ? ከሺህ ዓመት በፊት የተጻፈ ስሜት

ሁለቱም ሴቶች በ1000 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ዛሬ ኪዮቶ በምትባለው ከተማ፣ በጃፓን ቤተ መንግሥት ያገለግሉ ነበር። ሴይ ሾናጎን እቴጌ ቴይሺን፣ ሙራሳኪ ሺኪቡ ደግሞ እቴጌ ሾሺን።

ሾናጎን «የትራስ መጽሐፍ» ውስጥ የሚያናድዷትን ነገሮች ትዘረዝራለች። ቸኩላችሁ ሳለ ወሬው የማያልቅ እንግዳ። እንቅልፍ ሊወስዳችሁ ሲል የምትጮህ ትንኝ። በድብቅ በመጣ ወዳጅ ላይ የሚጮህ ውሻ። ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ወዲያው ያስቃል።

የሙራሳኪ ልቦለድ «የገንጂ ታሪክ» ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። 54 ምዕራፍ አለው። ሰዎቹም በአብዛኛው በስማቸው ስለማይጠሩ መጀመሪያ ላይ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋል። ግን የዋናው ገጸ ባሕርይ የገንጂ ፍቅረኛ የሆነችውን እመቤት ሮኩጆን ተመልከቱ። በበዓል ቀን የገንጂ ሚስት አጃቢዎች ሰረገላዋን ገፍተው ከኋላ አስቀሩት። ሰው ፊት ተዋረደች። ከዚያ በኋላ መንፈሷ ሳትፈልግ ከሰውነቷ እየወጣ፣ ነፍሰ ጡሯን ሚስት ማሰቃየት ጀመረ። አንድ ቀን ልብሷ ላይ ክፉ መንፈስ ለማባረር የሚጨሰው ነገር ይሸታታል። ፀጉሯን ታጠበች፣ ልብስ ቀየረች። ሽታው አልለቅ አለ። በራሱ ቅናት ደንግጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ገጽ በቀላሉ አያልፈውም።

ሙራሳኪ በማስታወሻዋ ሾናጎንን ጉረኛ ናት ብላ ወቅሳታለች። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ። ጊዜ ካጠራችሁ ሾናጎንን ከፈለጋችሁት ገጽ ጀምሩ። ልባችሁ የተጎዳ ከሆነ ግን ምርጫዬ ገንጂ ነው።