የሕፃን እጅና እግር ማስታወሻ እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄት ሳትሞክሩ ልጅ እንዳታስነኩ

«የልጅዎን እጅና እግር ለዘላለም ያስቀሩ» እየተባለ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጠውን ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ እናቶችና አባቶች፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

እኛ ያዘዝነው ለእህቴ ልጅ ነው። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የእግሯን ቅርጽ በፍሬም ልናስቀምጥላት አስበን 2,500 ብር በቴሌብር ተላከ። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ሁለት ዓይነት ዱቄት፣ ባልዲ፣ ፍሬምና ወርቃማ ቀለም ነበር። በሞተር የመጣልን ግን በፌስታል የታሰረ አንድ ነጭ ዱቄትና አንድ ፍሬም ብቻ ነው። ዱቄቱ ስም የለው፣ የተመረተበት ቀን የለው፣ መመሪያ የለው። ስንደውል ሻጯ «በውሃ በጥብጡና እግሯን ለአምስት ደቂቃ ያዙባት» አለችን።

እህቴ ደግነቱ መጀመሪያ በሻይ ብርጭቆ ትንሽ በጠበጠች። ጥቂት ቆይቶ ብርጭቆው ይሞቅ ጀመር፤ ማንኪያው እንደተተከለ ደርቆ ቀረ። ጄሶ ነው! ኮርኒስ የሚሠራበት ጄሶ።

ጄሶ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል። በብዛት ከተበጠበጠ ሙቀቱ እስከ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ላይ ደርቆ ስለሚይዝ የገባው እጅ ወይም እግር አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ ሊንከንሻየር ውስጥ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ እጆቿን ጄሶ ውስጥ ነክራ አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች። ትምህርት ቤቱም ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጥቷል። የ16 ዓመት ልጅ አቃጠለኝ ብላ መናገር ትችላለች። የሦስት ወር ልጅ ግን ከማልቀስ ሌላ ምን ትችላለች? ለቅሶዋንም «እግሯን ስለያዝናት ነው» ብለን እናልፈው ነበር።

ልጅ የሚነካው ዱቄት አልጂኔት ይባላል። ከባሕር አልጌ የሚወጣ ሲሆን የጥርስ ሐኪሞች የጥርስ ልክ የሚወስዱበት ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል፣ አይሞቅም፣ እንደ ጎማ ስለሚለመጥ እግሩ በቀላሉ ይወጣል። ጄሶው የሚፈሰው እግሩ ከወጣ በኋላ በቀረው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። አልጂኔት ውሃውን እያጣ ስለሚኮማተር ጄሶው እዚያው ወዲያው መሞላት አለበት፤ «ቅርጹን ወስደን ነገ እንሞላዋለን» የሚል ካለ አትስማሙ። ሁለቱ ዱቄቶች ለየብቻ ታሽገው ካልመጡ ወይም የአልጂኔቱ ስም ካልተጻፈ አትቀበሉ። ተጽፎ ቢመጣም አንድ ማንኪያ በጥብጣችሁ ብርጭቆውን በእጃችሁ ይዛችሁ ቆዩ። ከሞቀ ለልጅ አይደለም።

ፍሬም ውስጥ የሚገባው ጄሶ እስኪደርቅ ቀናት ይፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። እርጥቡን መስታወት ውስጥ ከዘጋችሁበት ይሻግታል፣ ቀለሙም ይላላጣል። አሻራውን በወረቀት ላይ የምትፈልጉ ከሆነ የቢሮ ማህተም ቀለም ሕፃን ላይ አትቀቡ፤ ቀለሙ ቆዳ ሳይነካ የሚያትም ለሕፃን የተዘጋጀ ዓይነት አለ። ቅርጽም ከሆነ ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨውና ወደ አንድ ኩባያ የሚጠጋ ውሃ አቡክቶ እግሩን ጫን ማድረግ ይቻላል። የልጁ ቆዳ የቆሰለ ከሆነ ግን ይቅር፣ ጨው ነውና። ጨርሳችሁም እግሩን በደንብ እጠቡት።

ሻጯ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» ብላ ስልካችንን ዘግታለች። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኛም ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ እያስገባን ነው። ተመሳሳይ ዕቃ የደረሳችሁ ካላችሁ የቴሌብር መልእክቱን፣ የማስታወቂያውን ስክሪንሾትና የዱቄቱን ፎቶ አስቀምጡ፤ የተረፈውን ዱቄትም እንዳትጥሉ።