ኪዮቶን ብቻችሁን ልትጎበኙ ካሰባችሁ ይህን «ሙሉ ጥቅል» አትግዙ

ወገኖቼ፣ ጃፓን ለመሄድ የምታስቡ፣ በተለይ ኪዮቶን ብቻችሁን ዞራችሁ ለማየት ያቀዳችሁ፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ኢንተርኔት ላይ «ለብቸኛ ተጓዥ የአንድ ቀን ሙሉ ጥቅል» እየተባለ የሚሸጥ ነገር አለ። ፓርኩ፣ ቤተ መቅደሱ፣ ጋለሪው፣ የአውቶቡስ ካርዱ፣ ስልክ ላይ የሚደመጠው ማብራሪያ፣ ሁሉም በአንድ ክፍያ ያልቃል ይላል። እኔ 12,800 የን ከፈልኩ። ከዚህ ውስጥ 2,500 የን «የብቸኛ ተጓዥ ተጨማሪ» ተብሎ የተጫነ ነው።

ጥቅሉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚወደሰው «ወረፋ ሳይጠብቁ ወደ ፉሺሚ ኢናሪ መግቢያ» ነው። ፉሺሚ ኢናሪ የሚባለው መቅደስ ግን መግቢያ አያስከፍልም! ቲኬት የሚቆረጥበት መስኮት የለውም። ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ከኪዮቶ ዋና ጣቢያ ጄአር በሚባለው ድርጅት የናራ ባቡር መስመር ሁለተኛው ፌርማታ ላይ መውረድ ነው፤ ዋጋው 150 የን። ከጣቢያው እንደወጣችሁ ትልቁ ቀይ ቶሪ፣ ማለትም የመቅደሱ በር፣ ፊት ለፊት ይጠብቃችኋል። ከዚያ 233 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቶሪዎች ተደርድረው መንገዱን ይሸፍኑታል። ሰው የሚጨናነቀው ከታች ነው። በማለዳ የሄደ፣ ወይም ትንሽ ጨክኖ ወደ ላይ የወጣ ሰው ግፊያውን ያመልጣል። «ወረፋ የሌለው ቲኬት» የሚባለው ወረቀት ለዚህ አንዳች አይጨምርም።

የያሳካ መቅደስና ከጎኑ ያለው የማሩያማ ፓርክም እንደዚሁ ነጻ ናቸው። ሄይአን መቅደስ ደግሞ ይባስ ያናድዳል። ኪዮቶ ዋና ከተማ የሆነችበትን 1,100ኛ ዓመት ለማክበር በ1895 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ግቢው በነጻ ይገባል። የሚያስከፍለው ከኋላ ያለው የአትክልት ስፍራ ብቻ ነው፣ 600 የን። ጥቅሉ ታዲያ ነጻውን ግቢ ሸጦልኝ የአትክልት ስፍራውን አላካተተም። በር ላይ ከኪሴ ከፈልኩ። ለነገሩ ኩሬዎቹና ድልድዩ ገንዘቡ ይገባቸዋል።

የአውቶቡስ ካርዱን በተመለከተ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው የአውቶቡስ ብቻ የቀን ካርድ ከ2024 መጋቢት በኋላ አይሠራም። ከተማዋ አቁማዋለች። አሁን ያለው አውቶቡስንና የምድር ባቡርን አንድ ላይ የያዘው የ1,100 የን ካርድ ነው፤ ጣቢያው ላይ ማንም ሰው ይገዛዋል።

ጋለሪው ደግሞ ጭራሽ ዝግ ነበር። ጥቅሉ ወደ ኪዮቶ ብሔራዊ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያስገባል ይላል። ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ ይዘጋል፤ ሰኞ በዓል ከዋለ ደግሞ በማግስቱ። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፣ ሙዚየሙ ራሱ በግልጽ ያስታውቃል። ሻጩ ግን ሰኞን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ክፍት አድርጎ ገንዘብ ይቀበላል። ገንዘቤን መልሱ ስል «ቀኑን የመረጡት እርስዎ ነዎት» የሚል መልስ ላኩልኝ። ቋሚ ስብስቡን ለማየት እዚያው በር ላይ የሚከፈለው እኮ 430 የን ነው።

አሁን ደምሩት። የቀን ካርዱ 1,100፣ ወደ ፉሺሚ ኢናሪ ደርሶ መልስ 300፣ የአትክልት ስፍራው 600፣ ሙዚየሙ 430። 2,430 የን። የቀረው የት ገባ? በጠራራ ፀሐይ ዘረፋ ነው።

በጣም ያንገበገበኝ ግን ያ «የብቸኛ ተጓዥ ተጨማሪ» ነው። ሆቴል ቢሆን፣ አልጋውን ብቻህን ስለያዝክ ነው ይባላል። መኪና ቢሆንም እሺ። እዚህ ግን ክፍል የለም፣ መኪና የለም፣ አብሮ የሚሄድ ሰው የለም። የተቀዳ ድምፅ ለአንድ ሰውም ለአሥር ሰውም ያው ነው። ቋንቋ አላውቅም፣ ብጠፋስ ብሎ የሚሰጋ ሰው ላይ የተጣለ ቀረጥ ነው። ኪዮቶ ደግሞ ብቻውን ለሚሄድ ሰው የምትመች ከተማ ናት። ጣቢያዎቹ በእንግሊዝኛ ተጽፎባቸዋል፣ አውቶቡሶቹ ቁጥር አላቸው።

በአካል አብሯችሁ የሚሄድ አስጎብኚ ካገኛችሁ ክፈሉ፣ እውቀቱን ነው የምትገዙት። ልዩ ኤግዚቢሽን ቲኬት አስቀድሞ የሚያስፈልገው ከሆነም ከሙዚየሙ ከራሱ ግዙ። ከዚያ ውጭ ግን «መግቢያ ተካቷል» የሚል ስታዩ፣ መግዣውን ከመጫናችሁ በፊት ቦታው በእርግጥ የሚያስከፍል መሆኑን ከራሱ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ።

ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያውን አሁኑኑ ስክሪንሾት አንሱ፣ በኋላ ሊቀይሩት ይችላሉ። ደረሰኙንና የጻፉላችሁን መልስ አስቀምጡ። በካርድ የከፈለ ሰው ባንኩ ዘንድ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። እኔም አቅርቤ መልስ እየጠበቅኩ ነው።