ዳግም የአስከሬን ምርመራ፦ ቤተሰብ በክፍያው ምን ያገኛል?

«ራሱን አጥፍቶ ነው» ወይም «ወድቆ ነው» የሚለው መልስ ያልተዋጠለት ቤተሰብ በግሉ ሐኪም ቀጥሮ አስከሬኑን ዳግም ያስመረምራል። አገልግሎቱ ይጠቅማል፤ ችግሩ የማይችለውንም እንደሚችል ተደርጎ መሸጡ ነው።

ሁለተኛው ሐኪም የሚረከበው አንዴ የተከፈተ አካል ነው። የውስጥ አካላቱ ተቆራርጠው፣ ብዙ ጊዜም በፕላስቲክ ከረጢት ሆነው ሆድ ውስጥ ተመልሰዋል። ታንቆ ሞቷል በሚባልበት ጉዳይ ጉዳቱ ይብሳል። አንገት በወጉ የሚመረመረው አንጎልና የደረት አካላት ወጥተው ደሙ ከተንጠፈጠፈ በኋላ፣ ጡንቻው አንድ በአንድ እየተገለጠ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም ይህን ቅደም ተከተል ካልጠበቀ አንገት ላይ የሚታየው ደም የጥቃት ይሁን የቢላው ለመለየት ያስቸግራል።

ክፍያው የማያስቆጨው ጀርባ፣ መቀመጫ፣ ክንድና እግር ሲመረመሩ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ብዙ ጊዜ እነዚህን ሳይከፍት ያልፋል። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ በለዝ ከላይ ስለማይታይ ቆዳው ተገልጦ ሥጋው መታየት አለበት። በመጀመሪያው ቀን ያልታየ በለዝ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ጎልቶ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ከሞት በኋላ ደም ወደ ታች ወርዶ የሚፈጥረው ጥቁረት በለዝ ስለሚመስል ሐኪሙ በዓይኑ ብቻ ሳይወስን ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ይኖርበታል።

በመርዝና በመድኃኒት ምርመራ ግን አገልግሎቱ ደካማ ነው። አስከሬኑ ፎርማሊን (እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ኬሚካል) ከተወጋ ውጤቱ ይበላሻል። የሚያዋጣው የመጀመሪያው ላቦራቶሪ ያስቀረው ናሙና ነው፦ ከጭን ደም ሥር የተቀዳ ደም፣ የዓይን ፈሳሽ፣ ሽንት። የልብ ደም አይታመንም፤ ከሞት በኋላ መድኃኒት ከአካላት ወደ እሱ ስለሚሰርግ መጠኑን ሊያጋንን ይችላል። ላቦራቶሪዎች ናሙና ለዘላለም አያስቀምጡምና «እንዳይወገድ» የሚል ደብዳቤ በመጀመሪያው ቀን ይግባ።

ሐኪሙ ሙሉውን ሪፖርት፣ መለኪያ ማስመሪያ ያለባቸውን ፎቶዎች፣ የማይክሮስኮፕ ስላይዶችን (የሥጋ ናሙና የተለጠፈባቸውን መስታወቶች)፣ የሆስፒታል ካርዱንና የቦታውን ፎቶ ሳይጠይቅ ቀጠሮ ከሰጠ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። ልብስ ደርቆ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ በፕላስቲክ ይሻግታል። አስከሬኑ እስከ ቀጠሮው 4 ዲግሪ አካባቢ ይቆይ። በረዶ ከሆነ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ከእሱ የሚዘጋጀው ስላይድም ይበላሻል።

ውሉ ላይ ክፍያው ከውጤቱ ጋር ከተያያዘ ሪፖርቱ ፍርድ ቤት ገብቶ አይቆምም፤ የተቃራኒው ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «ምክንያቱን መለየት አልተቻለም» የሚል ሪፖርትም ሐኪሙ አጭበርብሯል ማለት አይደለም። ማን እንደገደለ ደግሞ ከሪፖርቱ አይጠበቅም።

ከተቻለ ከሁሉ የሚሻለው በመጀመሪያው ምርመራ ላይ የቤተሰቡ ሐኪም በታዛቢነት መገኘቱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የተባበሩት መንግሥታት የሚኒሶታ ፕሮቶኮልም (ሕገ ወጥ ሊሆን የሚችል ሞት የሚመረመርበት መመሪያ) የቤተሰብ ወኪል መገኘትን ይደግፋል። ይህ ዕድል ካለፈና አስከሬኑ ከተቀበረ ለማስቆፈር ከመሮጥ በፊት ፋይሉንና ስላይዶቹን ብቻ ማስመርመር ይቀድማል፤ ወጪውም ያንሳል።

አስከሬኑን ስትረከቡ የቀረ አካል እንዳለ በጽሑፍ ጠይቁ። አንጎል ለምርመራ ፎርማሊን ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ሁለተኛው ሐኪም ራስ ቅሉን ሲከፍት ባዶ ሊያገኘው ይችላል።