የዲኤክሴን ዳሽቦርድ ላበራልኝ ልጅ

እስቲ ዛሬ ደግሞ አንድ ሰው ላመስግን። ጋራዥ ገብቼ ተናድጄ ስወጣ እዚህ መጥቼ አማርራለሁ። ደስ ብሎኝ ስወጣ ዝም ማለት ነውር ነው።

መኪናዬ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፣ የ1991 ሞዴል። ከገዛኋት ሁለት ዓመት ሆናት። የዳሽቦርዷ መብራቶች አንድ በአንድ እየሞቱ ሄዱ። መጀመሪያ የነዳጁ በኩል ጨለመ፣ ቀጥሎ የፍጥነቱ። ከፍሬቻዎቹ አረንጓዴ ቀስቶች የግራዋ ብቻ ቀረች። እኔ ደግሞ የማታ ተረኛ ነኝ። ነዳጁን ለማየት ቀይ መብራት ላይ ስቆም ስልኬን አበራለሁ። ፍጥነቱንስ? ቆሜ ባየው ዜሮ ነው!

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውዬው ቁልፉን እንኳ ሳያዞር «ዳሽቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» አለኝ። 18 ሺህ ብር። ሌላ ቦታ ሄድኩ። «ማዘር፣ ይሄ እኮ ጌጥ ነው፤ መኪናው ይሄድ የለ?» ተባልኩ። መሄዱንማ ይሄዳል።

በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቄራ አካባቢ ያለ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ጠቆመችኝ። ጋራዥ ለማለት ይከብዳል። አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ ደጇ ላይ ሁለት መኪና የምታስቆም ቦታ፣ በቃ። ልጁ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። እሱም «ማዘር» አለኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ለሥራው ስል ይቅር ብዬዋለሁ።

ሞተር ሳያስነሳ ቁልፉን አዞረና እጁን አጣጥፎ ዳሽቦርዱን ዝም ብሎ አየው።

«አሁን ቀዮቹ ሁሉ መብራት ነበረባቸው» አለኝ። «የባትሪው፣ የዘይቱ፣ የእጅ ፍሬኑ። ሞተር ሲነሳ ነው የዘይቱና የባትሪው የሚጠፉት። የእርስዎ ዘይት የለም።»

«ዘይት አልቋል እንዴ?» ደነገጥኩ።

«ዘይቱማ ይኖራል፤ መብራቱ ነው የሌለው።»

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ፣ ካቻቢቴውን አነሳ፣ ሥራ ጀመረ። ከዳሽቦርዱ ኋላ የኪሎሜትር ገመድ አለ፤ በፕላስቲክ ጆሮ ነው የተያዘው። የቸኮለ ሰው ጎትቶ የሚሰብረው እሱን ነው አለኝ። እሱ እጁን በጠባቡ አሹልኮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዳበሳ ፈታው። ዳሽቦርዱ ሲወጣ ጀርባው ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ፕላስቲክ ተለጥፏል፤ መዳቡ መስመር መስመር ሆኖ ተስሎበታል። አምፖሎቹ እዚያ ላይ ናቸው። ትንንሾቹ ከሽምብራ ብዙም አይበልጡም። ሩብ ዙር ስታዞሯቸው ከነሶኬታቸው ይወጣሉ። ትንንሾቹ ቲ 5 ይባላሉ፣ ተለቅ ያሉት ቲ 10። ሁሉም 12 ቮልት ናቸው። ለዚህ ነው እንግዲህ 18 ሺህ የተጠየቅኩት።

መዳቡ የጠቆረበትን ቦታ በምን እንዳጸዳው ታውቃላችሁ? በተማሪ ላጲስ።

የዘይቱ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመና ጠራኝ። ሶኬቱ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። አልተቃጠለም፣ ተነቅሏል! ሻጩ ይሁን ከእሱ በፊት የነበረው፣ እግዜር ይወቀው። ብቻ ሁለት ዓመት ሙሉ የዘይት ማስጠንቀቂያ በሌላት መኪና ሌሊት ለሌሊት ስዞር ከርሜያለሁ።

አዲስ አምፖል ገባ። ሞተር ተነሳ። የዘይቱ መብራት አልጠፋም። ወዲያው ሞተሩን አጠፋው። እኔ በልቤ «አለቀ፣ ሞተሩ ሊወርድ ነው» ብዬ ዋጋውን ማስላት ጀምሬያለሁ። እሱ ግን መጀመሪያ የዘይቱን ልክ አየ፤ ሙሉ ነው። ከጎረቤት መካኒክ የግፊት መለኪያ ተዋሰና ያንን መብራት የምታበራና የምታጠፋውን የዘይት ሴንሰር ፈትቶ መለኪያውን በቦታዋ አሰረው። ግፊቱ ደህና ነው። የተበላሸችው ሴንሰሯ ናት። ያ ሰው እሷን ከመቀየር አምፖሉን መንቀል ቀሎት ነው ማለት ነው። ሴንሰሯን ከሶማሌ ተራ አስመጣልኝ። ዋጋዋን ስሰማ ሳቄ መጣ።

እግረ መንገዴን «ሁሉንም ነጭ ኤልኢዲ አድርግልኝ፣ አይቃጠልም አሉ» አልኩት። አልተስማማም። በብዙ አሮጌ መኪኖች የባትሪው ምልክት አምፖል ምልክት ብቻ አይደለም አለኝ። በእሱ በኩል የምታልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ናት ዲናሞውን የምትቀሰቅሰው። አምፖሉ ከተቃጠለ፣ ወይም የማይሆን ኤልኢዲ ከገባበት፣ ዲናሞው ሳይሞላ ሊቀር ይችላል። «ሌሎቹ አምፖሎች ላይ ይቻላል፤ ግን ነጩ ማታ ዓይንዎን ይወጋዎታል።» ተውኩት። ብዙ ዕቃ ሊሸጥልኝ ሲችል ነው እንግዲህ እምቢ ያለኝ።

የእጅ ዋጋ 900 ብር ከፈልኩ። ሴንሰሯና አምፖሎቹ ለብቻ፣ በደረሰኝ። ትንሽ ጨምሬ ብሰጠው መለሰልኝ። ያወጣቸውን ስድስት የተቃጠሉ አምፖሎች በክብሪት ቀፎ አድርጎ አስረከበኝ፣ ቀየርኩ ብዬ እንዳልዋሸሁ ይዩት ብሎ።

እንከን ካላወራሁ አታምኑኝም። ቀርፋፋ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ገብቼ የወጣሁት 9 ሰዓት ላይ ነው። ወንበር የለውም፤ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ሥራ ላይ እያለ ስልክ አያነሳም፣ ሥራ ያስፈታኛል ይላል። ስሙንና ቁጥሩን እዚህ እንዳልለጥፍም ለምኖኛል። የሚያስፈልጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መንገዱን አሳያችኋለሁ። በጠዋት ሂዱ። ሻይ ከፈለጋችሁ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጀበና ቡና የምታፈላው ሴትዮ ጋ ጥሩ አለ።

ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ 40 ላይ እየነዳሁ ነበር። አየሁት!