ገንፎ ብዬ ሄጄ፦ የነፍሰ ጡሮች የምግብ ትምህርት በቀበሌያችን

ባለፈው ወር እዚህ ምዕራብ ጎጃም፣ ጤና ኬላችን በሚያዘጋጀው የነፍሰ ጡር እናቶች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። እውነቱን ልናገርና የሄድኩት ገንፎ አለ ስለተባለ ነው።

ከዚያ በፊት ከተማ አንድ ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) የሰጡኝ ወረቀት ላይ የተሳለው ፖምና ብሮኮሊ ነው። ብሮኮሊ ከየትኛው ገበያ ላምጣ? ወረቀቱን በርበሬ ጠቀለልኩበት።

እዚህ ግን የጤና ኤክስቴንሽኗ "ትናንት ማታ ምን በላችሁ?" ብላ ጀመረች። የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ። አልነቀፈችንም። ዳጉሳ ካልሲየሙ ብዙ እንደሆነ፣ ጎመን ጨምረን ሎሚ ጠብ ስናደርግበት ሰውነታችን ብረቱን በደንብ እንደሚወስደው፣ አዮዲን ያለው ጨው ወጡ ሊወርድ ሲል እንደሚገባ፣ በቀን አንድ ጊዜ ጨምረን መብላት እንዳለብን ነገረችን። አማቴ "እርጎና ሙዝ ልጁ ላይ ይለጠፋል" ብለው ከከለከሉኝ ቆይተዋል። የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ልጁ ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ማህፀን ውስጥ የልጁን ቆዳ የሚጠብቅ እንጂ ከእርጎ የመጣ አይደለም ስትል ሴቱ ሁሉ ተያየ፤ አንዷማ "ታዲያ እኔ በከንቱ ነው የቀረብኝ?" ብላ አሳቀችን።

አሜሪካ ላለችው እህቴ ይህን ሳወራት ከላቲን አሜሪካ የመጡ ጎረቤቶቿን አነሳችልኝ። የእነሱ እንጀራ ቶርቲላ የሚባል የበቆሎ ቂጣ ነው። ለፅንሱ አከርካሪና አንጎል የሚጠቅመው ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን በንጥረ ነገር በሚዳብር የስንዴ ዱቄት ላይ እንዲጨመር በፈረንጆቹ 1998 ግዴታ ሲሆን፣ ለቶርቲላው ዱቄት የተፈቀደው ግን በ2016 ነው፣ እሱም በፈቃደኝነት። ለካ እዚያም የሰው ገበታ ሳይታይ ነበር የሚታሰበው።

ቅሬታም አለኝ። "ቡናና ሻይ ብረት ስለሚያስቀሩ ከምግብና ከብረት ኪኒኑ ጋር አትጠጡ" ብላ ሳትጨርስ፣ ገንፎውን እንደዋጥን አቦሉ ቀረበ! ጠጣሁ፣ ምን ላድርግ። የፆሙን ነገር ደግሞ "የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ" ብላ አለፈችው፤ እኔ ብሆን ቄሱን እዚያው እጠራቸው ነበር፣ ግማሻችን የምንራበው በፆም ነዋ። ባልም አማትም አልተጠራም፣ ሌማቱን የሚያዙት እነሱ ሆነው ሳለ።

ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። በሚቀጥለው ወር አማቴን ይዣቸው ልሄድ ነው። ገንፎ አለ ብያቸዋለሁ።