የጋለው ሞተሩ አልነበረም፦ ለመኪናዬ ኤሌክትሪሺያን ምስጋና

ሰላም ወዳጆቼ። ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። መኪናዬን ከሦስት ወር ጣጣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያላቀቁልኝ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ላስፈቅዳቸው ስሞክር "ሥራውን ጻፍ፣ ስሜን ተወው" አሉኝ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "አንተ ልጅ" ይሉኛል። ልጅነቴ ካለፈ ቆይቷል፤ ግን ያደረግኩትን ስትሰሙ እናንተም ልጅ ትሉኛላችሁ።

መኪናዋ አሮጌ ፎር ዊል ናት። ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ወንዝ፣ ሁሉንም ትወጣለች። ችግሩ እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ። ዕቃ መጨመር ሱስ ሆነብኝ። መጀመሪያ ፓራውልቱ ላይ ዊንች፣ ማለትም የተቀረቀረ መኪና በገመድ የሚጎትት ሞተር፣ አስገጠምኩ። ቀጥሎ ጎማ የሚነፋ ኮምፕረሰር መጣ። ከዚያ የመገናኛ ሬዲዮ፣ ከዚያ ትንሽ ፍሪጅ። መጨረሻ ላይ ጣሪያው ላይ 180 ዋት የሚስብ ረጅም የኤልኢዲ መብራት። ይህን መብራት የገጠምኩት በገዛ እጄ ነው። ምን ይከብዳል? ፖዘቲቩን ከባትሪው በፊውዝና በሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ) አመጣህ፣ ኔጌቲቩን ያገኘኸው ብረት ላይ አሰርክ፣ አለቀ። "ያገኘኸው ብረት" የምትለዋን ያዙልኝ፣ ወደ እሷ እንመለሳለን።

በመጀመሪያው የማታ ጉዞ መብራቱን ሳበራ መንገዱ ቀን ሆነ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ዓይኔ ዳሽቦርዱ ላይ ሲያርፍ የሙቀት መርፌው ቀዩ ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ክው አልኩ። ጥግ ይዤ ሁሉንም አጠፋሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። እንፋሎት የለም። ውሃው ሙሉ ነው። የፈሰሰም ነገር የለም። ትንሽ ቆይቼ ስነሳ መርፌው ቦታው ላይ ነው። ጥቂት እንደሄድኩ ጨለማው ከበደኝና መብራቱን አበራሁ። መርፌው እንደገና ወጣ።

አሁን ሳወራው ነገሩ ግልጽ ነው። ያኔ ግን ሙቀት የሞተር በሽታ ነው ብዬ ሞተር ሠሪ ጋ ሄድኩ። አንዱ ቴርሞስታቱን ቀየረ። ሌላው የሙቀት ሴንሰሩን። ሦስተኛው ራዲያተሩ ይታጠብ አለ፣ ታጠበ። አላማርራቸውም። እኔ ሙቀት አልኳቸው፣ እነሱም ሙቀት ፈለጉ። "ቀን ደህና ናት፣ ማታ ማታ ነው የምትግለው" ስላቸው ግን ሁሉም ሳቁብኝ። ማታ የሚቀዘቅዝ እንጂ የሚግል ሞተር የት አለ!

ጋሼ አልሳቁም። "ማታ ምን ታበራለህ?" አሉኝ።

ይህችን ጥያቄ ሦስት ወር ሙሉ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

መኪናዋ ቆማ አድራ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ነበር። "ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ" አሉኝ። መርፌው ታች ተኝቷል። "በል የጣሪያውን መብራት አብራ።" አበራሁ፤ መርፌው ብድግ አለ። አጠፋሁ፤ ወደቀ። ደገምን፤ ያው ነው። ጋሼ ቀና ብለው እያዩኝ "ያልተነሳ ሞተር ጋለ?" አሉ። ከዚያ የዚያን ቀን ረጅሙን ንግግራቸውን አደረጉ፦ "ሞተር ለመጋል ደቂቃዎች ይፈልጋል፣ ለመቀዝቀዝም እንደዚያው። በማብሪያ ማጥፊያ የሚወጣና የሚወርድ መርፌ የሙቀት ወሬ አይደለም፣ የግራውንድ ወሬ ነው።"

ግራውንድ ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣ ከረንት ሥራውን ሠርቶ ወደ ኔጌቲቩ መመለስ አለበት። መኪና ላይ ለመመለሻው ለየዕቃው ገመድ አይዘረጋም፤ ቦዲው፣ ሻሲውና የሞተሩ ብረት መመለሻ መንገድ ይሆናሉ። ይህ የሚሠራው ብረት ከብረት በደንብ ሲነካካ ነው። መሃል ላይ ቀለም፣ ዝገት ወይም ጎማ ከገባ መንገዱ ይጠባል። እንደ እኔዋ ባለች መኪና ቦዲው ሻሲው ላይ የተቀመጠው በላስቲክ ትራስ ላይ ነው። ብዙ ፓራውልት ወፍራም ቀለም የተቀባ ነው። የጣሪያ ዕቃ መጫኛም ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ወይም በጎማ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ብረት ያገኘ ሁሉ ግራውንድ አገኘ ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ተከራከርኳቸው። "ጋሼ፣ እኔ እኮ መገናኘቱን በድምፅ በሚናገረው ቴስተር አይቼዋለሁ፣ ጢጥ ብሏል!" ዝም ብለው አንድ ቁራጭ ገመድ አነሱ። ላስቲኩን ላጡና ክሮቹን አንድ በአንድ ቆርጠው ፀጉር የምታህል አንዲት ክር ብቻ አስቀሩ። ቴስተሩን ሲያስነኩት ጢጥ አለ። ልክ እንደኔው። ከዚያ በዚያችው ክር ሁለት የፊት መብራት አምፖሎችን ከባትሪ ጋር አገናኙ። ክሯ ቀላች፣ ተበጠሰች፣ አምፖሎቹ ጠፉ። "ቴስተርህ የጠየቃት ሰላም ነሽ ወይ ብሎ ነው። እኔ ሸክም ሰጠኋት" አሉ። ቴስተሩ ሲጮህ የሚልከው ከረንት እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ለእሱ አንዲት ክርም ትበቃዋለች። ለመብራቴ 15 አምፒር ግን አትበቃም።

እሳቸው የሚለኩት እንዲህ ነው። ሜትሩን ቮልት ላይ አደረጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ አስነኩ፤ የገመዱ ማቀፊያ ላይ ሳይሆን የባትሪው እርሳስ ራሱ ላይ፣ ምክንያቱም ማቀፊያውም ሊያታልል ይችላል። ሌላውን ጫፍ እኔ የመብራቱን ኔጌቲቭ ያሰርኩበት ቦታ ላይ አስነኩ፤ ከተሳፋሪው እግር አጠገብ፣ ከፕላስቲክ ክዳኑ ሥር ያለች የገመድ ቀለበት ላይ። መብራቱ ጠፍቶ ሜትሩ ዜሮ አለ። "አብራው።" 1.6 ቮልት። በዚህ ዓይነት መመለሻ ላይ ከ0.2 ቮልት በላይ ካዩ እንደማያልፉት ነገሩኝ። ከዚያ "ቡሎኗን ንካት" አሉኝ። ነካኋት። ትሞቃለች! 1.6 ቮልት በ15 አምፒር ሲባዛ 24 ዋት ነው፤ ያ ሁሉ ኃይል አንዲት ቡሎን ላይ እየነደደ ነበር። ለካ መኪናዬ ውስጥ የጋለ ነገር ነበር፤ ሞተሩ ግን አይደለም።

ቡሎኗ ተፈታች። እዚህ ላይ ነው አንገቴን የደፋሁት። ለካ ቦታው የፋብሪካው የዳሽቦርድ ግራውንድ ነበር። እኔ የራሴን ቀለበት ከእሱ ሥር ጨምሬ፣ የእኔው ደግሞ ቀለም ላይ አርፎ፣ ሁለቱም በቡሎኗ ጥርስ ብቻ ነበር የሚመለሱት። መብራቱ ሲበራ የዳሽቦርዱ ዜሮ፣ ማለትም ቮልት የሚለካበት መነሻው፣ 1.6 ቮልት ይሆናል። የሙቀት ሴንሰሩ ግን ሞተሩ ላይ ነው፣ ዜሮው ዜሮ ነው። ሁለቱ ዜሮዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ቆጣሪው ልዩነቱን ሙቀት ብሎ ያነበዋል። የተቀየረው ሴንሰርም ቴርሞስታትም ደህና ነበሩ ማለት ነው። አሮጌዎቹን አስቀምጫቸዋለሁ፣ የፈለገ ይውሰዳቸው።

ጥገናው ከምርመራው ያነሰ ጊዜ ወሰደ። የፋብሪካውን ግራውንድ ለብቻው መለሱት። ለመብራቱ ከፖዘቲቩ እኩል የሚወፍር የራሱን መመለሻ ገመድ ዘረጉለት። "የሄደው ያህል ይመለሳል፤ መሄጃውን አወፍረህ መመለሻውን ታቀጥናለህ?" አሉኝ። የሚታሰርበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፣ ጥርስ ያላት ሮንዴላ አስገቡ፣ አጠበቁት፣ ውሃ እንዳይገባው ከላይ ቀቡት። መቀባቱ ከማጥበቅ በኋላ ነው፤ እኔ ብሆን ቀብቼ ነበር የማስረው። እንደገና ሲለኩት 0.05 ቮልት። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

መኪናዋን ልወስድ ስል "ዊንቹስ?" አሉ። ዊንቹ ላይ ቅሬታ አልነበረኝም፤ ግን እንዲያዩት ፈቀድኩ። የዊንቹ ኔጌቲቭ ቀለም የተቀባው ፓራውልት ላይ ታስሯል። ዊንች በሙሉ ሸክም ከ400 አምፒር በላይ ሊስብ ይችላል። ያ ሁሉ ዋናውን መመለሻ ካጣ ባገኘው ይሄዳል፤ ቀጭን የሴንሰር ገመድ ቢሆንም። በወፍራም ገመድ ቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መለሱት። አዲስ መኪና ላላችሁ ግን አንድ ነገር አስጠንቅቀዋል፦ ኔጌቲቩ ማቀፊያ ላይ የባትሪውን ከረንት የሚቆጥር ትንሽ ሴንሰር ካለ፣ የተጨመረ ዕቃ መመለሻው ከሴንሰሩ ወዲህ ቦዲው በኩል መሆን አለበት። ባትሪው ራስ ላይ ከታሰረ ኮምፒውተሩ ያን ከረንት አይቆጥረውም። የእኔዋ አሮጌ ስለሆነች ከዚህ ተርፋለች። ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደው ጠፍጣፋ ገመድም ግማሹ ተበጣጥሶ ነበር፤ ተቀየረ። ሞተሪኖው ጠዋት ጠዋት ሲያቃስት የነበረው በዚያ ነው።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። የመገናኛ ሬዲዮው ነዳጅ ስረግጥ ትንሽ ያፏጫል። በፊት ከነበረው በጣም ቀንሷል፣ ግን አለ። ጋሼ ለእሱ ፊልተር ያስፈልጋል ብለውኛል፤ ሳያስፈልግ ዕቃ ግዛ የሚሉ ሰው ስላልሆኑ አምኛቸዋለሁ። ዕቃ የገዛሁት ገመድ፣ ሮንዴላና ቀለበት ብቻ ነው። ያስከፈሉኝም ለለኩበት ጊዜ ነው። ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር ቀጠሮ አለማክበራቸው ነው። ሁለት ሰዓት ካሉ አራት ሰዓት ጠብቋቸው። ስልክም እጃቸው ሥራ ላይ ከሆነ አያነሱም።

ጋሼ፣ ይህን ሰው ያነብልዎት ይሆናል። እጅዎ ይባረክ።

መኪናችሁ ላይ ዕቃ ከጨመራችሁ በኋላ መብራት ከደበዘዘ፣ ፍሬቻ ያለ ወጉ ካበራ ወይም ቆጣሪ ካበደ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣለሁ። አስቀድማችሁ ግን መጨረሻ ላይ ምን እንደጨመራችሁ አስታውሱ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው፣ "ምንም" ብትሏቸው ደግሞ አያምኗችሁም።