ለ10 ወር የተጠቀምኩበት የአኳሪየም ፊልተር፦ ጅማ ላይ ያየሁት

ይህን የአኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) ፊልተር የገዛሁት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ ሲሆን፣ አሁን ነሐሴ ላይ 10 ወር ሞልቶታል። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ዓይነት ነው፤ ከላይ ሞተሩ፣ ከታች ደግሞ ስፖንጅና አነስተኛ የከሰል ከረጢት የያዘው ኩባያ ይገኛል። ካርቶኑ ላይ በሰዓት 600 ሊትር ውሃ እንደሚገፋና 8 ዋት እንደሚወስድ ተጽፎበታል። የእኔ አኳሪየም ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ የሚይዘው ውሃ 70 ሊትር ያህል በመሆኑ፣ በአቅም ረገድ ፊልተሩ ከበቂ በላይ ነው። 2,800 ብር ከፍዬበታለሁ። ስለ ሞተሩ የምለው ጥቂት ነው። አብዛኛው የምጽፈው ፊልተር ምን እንደሆነ ሳላውቅ ስለሠራኋቸው ስህተቶች ይሆናል፤ ከዕቃው ጋር የመጣው ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ስለ እነዚህ ነገሮች ምንም አይልም፣ ዓሣዎቼ የሞቱትም በእነዚሁ ስህተቶች ነው።

መጀመሪያ ላይ ፊልተርን የማየው ቆሻሻ እንደሚይዝ ወንፊት ነበር። ስለዚህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ስፖንጁን አውጥቼ፣ ቧንቧ ሥር ይዤ፣ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ አጥበው ነበር። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ እያደረጉ አየር ሲፈልጉ አገኘኋቸው፤ ውሃው ግን ኩልል ያለ ነበር። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማረው የጎረቤታችን ልጅ መጥቶ ካየ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ምግባቸው አልነበረም። «ጋሼ፣ ስፖንጁን በምንድን ነው የሚያጥቡት?» አለኝ። በቧንቧ ውሃ እንደሆነ ስነግረው፣ «እንግዲያው በየሳምንቱ እንደ አዲስ እየጀመሩ ነው» ብሎ ነገሩን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ።

ዓሣ በስንጥቡም በኩሱም አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ራሱን ዓሣውን ይመርዘዋል። ስፖንጁ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ዓሣን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱን እኛ ከውሃው ከፊሉን በየጊዜው በመቀየር እናስወግደዋለን። ባክቴሪያዎቹ በአዲስ አኳሪየም ውስጥ በበቂ መጠን እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። እኔ ግን 13 ዓሣዎች የጨመርኩት ውሃ በሞላሁ በ2ኛው ቀን ነበር፤ ገና መራባት የጀመሩትንም ባክቴሪያዎች በየቅዳሜው በቧንቧው ውሃ ክሎሪን እገድላቸው ነበር። ወንድሜ በላከልኝ የአሞኒያ መመርመሪያ ጠብታ ውሃውን ስለካው፣ ቢጫ ሆኖ መቆየት የነበረበት ብልቃጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሬት ቅጠል መሰለ። በዚያ ሳምንት ጋፒ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎች 3ቱ ሞቱብኝ።

ከዚያ ወዲህ ስፖንጁን የማጥበው ከራሱ ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ፣ 2 ወይም 3 ጊዜ ጨመቅ በማድረግ ብቻ ነው። ቡናማ ሆኖ ይገባል፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። የምተካውን ውሃ ደግሞ አፉ ክፍት በሆነ በርሜል 24 ሰዓት አሳድረዋለሁ፤ ክሎሪኑ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተንኖ ይወጣል። በጋውን በ3 ሳምንት አንድ ጊዜ ማጠብ ይበቃ ነበር፤ ከሰኔ ወዲህ ግን የቧንቧችን ውሃ በዝናቡ ምክንያት እየደፈረሰ ስለሚመጣ ስፖንጁ በ10 ቀን ይደፈናል።

ሁለተኛው ችግር ከዓሣዎቹ ምርጫ የመጣ ነው። የሸጠልኝ ሰው ሁሉም አብረው ይኖራሉ ስላለኝ 2 ጎልድፊሽ፣ 6 ጋፒ፣ 4 ታይገር ባርብና አንድ ወንድ ቤታ ይዤ ነበር የመጣሁት። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚወድ፣ ብዙ የሚበላና ብዙ ኩስ የሚጥል ዓሣ ነው፤ ቤታ ግን ከ25 እስከ 28 ዲግሪ የሚሞቅ፣ ረጋ ያለ ውሃ ይፈልጋል። ታይገር ባርብ በቁጥር ሲያንስ ጠበኛ ይሆናል፣ ረጅም ክንፍ ያለውን ዓሣ ደግሞ ፈጽሞ አይተውም። የቤታው ጅራት በ2 ሳምንት ውስጥ የተቀደደ ነጠላ መሰለ። ፊልተሩም በበኩሉ ጎድቶታል፤ ሙሉ ኃይሉን ሲገፋ ቤታው መዋኘት አቅቶት ጥግ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ይውል ነበር። የፍሰት መቆጣጠሪያው ከሌሎች ርካሽ ፊልተሮች የሚለየው ጥሩ ጎኑ እዚህ ላይ ታየኝ፤ ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጌ አፉን ወደ መስታወቱ ሳዞረው ውሃው ረጋ።

ሆኖም ፍሰቱን መቀነስ በእኛ ከተማ ዋጋ ያስከፍላል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጂን በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የፊልተሩ አፍ ውሃውን ከላይ እንዲያናውጥ መደረግ አለበት፤ አረፋ ማብዛቱ ሳይሆን የላይኛው ፊት አለማቋረጥ መንቀሳቀሱ ነው ኦክስጂን የሚያስገባው።

ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ መውረድ ሲጀምር የአኳሪየሙ ውሃ ማለዳ ላይ 19 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። ማሞቂያ አልነበረኝም። በሳምንቱ የጋፒዎቹና የባርቦቹ ገላ ላይ የነጭ ጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ወጡ፣ ዓሣዎቹም ገላቸውን ከጠጠሩ ጋር ያሹ ጀመር። እኔም ከመድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን ገዝቼ ካፕሱሉን በትኜ ጨመርኩ። ይህ ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ የሚመጣው ከጥገኛ ተሕዋስ ስለሆነ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይነካውም፣ ስፖንጁ ላይ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ሊጎዳ ይችላል።

ቀጥሎ ለዓሣ የሚሸጥ ሰማያዊ መድኃኒት፣ ሜቲሊን ብሉ፣ አስመጣሁ። ማታ በመጠኑ ስጨምረው ውሃው እንደ ልብስ ማጠቢያ ብሉ ሆነ፤ ጠዋት ስነሳ ግን አንድም ቀለም አልነበረውም። የወሰደው ፊልተሩ ውስጥ ያለው ከሰል ነበር። ከሰል በውሃ የሟሟ መድኃኒትን ስቦ ይይዛል፣ ስለዚህ ማንኛውም መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ከረጢቱ መውጣት አለበት፤ ሕክምናው ሲያበቃ ደግሞ የቀረውን ለማጽዳት አዲስ ከሰል መልሶ ማስገባት ነው። በመስታወቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው ሲሊኮን እስከ ዛሬ ሰማያዊ እንደሆነ ነው።

በመጨረሻ የሠራው ሙቀትና ጨው ነው። ጎልድፊሾቹን ወደ ሌላ ገንዳ አወጣሁ፣ ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ገዛሁ፣ ውሃውን በ2 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 30 ዲግሪ አደረስኩት፤ በሊትር 2 ግራም ሒሳብ 140 ግራም ጨው ከፋፍዬ አሟሟሁበት። ሙቀቱ የሚጠቅመው የተሕዋሱን የሕይወት ዑደት ስለሚያፋጥን ነው። ነጠብጣቡ ቆዳ ሥር እያለ ምንም አይደርስበትም፤ ወድቆ ጠጠሩ ላይ ሲራባና ልጆቹ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ብቻ ነው የሚጠቃው። ዓሣው ንጹሕ ሲመስል ሕክምናውን ማቆም የማይገባውም ለዚህ ነው፤ እኔ 2 ሳምንት ሙሉ ቀጠልኩበት። የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጂን ይበልጥ ስለሚያንስ በእነዚያ ቀናት ፊልተሩን ወደ ሙሉ ኃይሉ መለስኩት፤ ቤታውን ከፍሰቱ ለመከለል ግማሹን የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጬ ጥግ ላይ አቆምኩለት። እሱና የቀሩት 3 ጋፒዎች ዳኑ።

ባርቦቹም ቢድኑ ከቤታው ጋር መልሼ ላኖራቸው አልቻልኩም። አዌቱ ወንዝ ልቀቃቸው ያለኝ ሰው ነበር፤ ይህንን ፈጽሞ አልቀበልም፤ ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ በሽታውንም ይዞ በእኛ ወንዝ ውስጥ መጣል የለበትም። ስምንት ባርቦች ላሉት አንድ የማውቀው ሰው ሰጠኋቸው፣ በብዛት ሲሆኑ እርስ በርሳቸው እየተጋፉ ሌላውን ይተዋሉ።

ስለ ዕቃው ራሱ የቀረኝ የመብራት ጉዳይ ነው። አንድ ሌሊት መብራት ለ7 ሰዓት ያህል ጠፍቶ ሲመጣ ፊልተሩ ቡናማ፣ የሚሸት ውሃ አኳሪየሙ ውስጥ ተፋ። ኩባያው ዝግ ስለሆነ ፍሰት ሲቆም ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጂን ያጣሉ፣ ይሞታሉም። አሁን መብራት ከጠፋ ኩባያውን ፈትቼ ስፖንጁን ገላጣው ውሃ ውስጥ አኖራለሁ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም ከጎኑ አስቀምጣለሁ። ሞተሩ ራሱ በ10 ወር ሁለት ጊዜ ብቻ፣ መብራት ከመጣ በኋላ እየጮኸ አልዞር ብሏል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሶኬት ነቅዬ የሚሽከረከረውን ማግኔት ከተጠቀለለበት ዝቃጭ ሳጸዳው ሥራውን ቀጠለ። የሚስብበት ቀዳዳ ግን ለጋፒ ልጆች ሰፊ ነው፤ አሮጌ ስቶኪንግ አጥልቄ በክር እስካስርበት ድረስ ስንቱን እንደወሰደብኝ አላውቅም።

መለዋወጫ ስፖንጅ ጅማ ላይ አላገኘሁም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሁለት አስመጥቼ አንዱን ፊልተሩ አጠገብ ጠጠሩ ላይ አስተኝቼዋለሁ፤ ባክቴሪያ ይዞ ለጎልድፊሾቹ አዲስ ገንዳ እንዲደርስ ነው። ይህ 5ኛ ሳምንቱ ነው፣ መልኩም ቡናማ እየሆነ መጥቷል።